እሳቱና ጠርሙስ የገባባት መኪና

ሰውየው የመኪና ማቀዝቀዣ መጠገን ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ሁሉም ግን የሚጠራው «እሳቱ» እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። «መኪናህ አልቀዘቅዝም ካለችህ እሳቱ ጋ ውሰዳት፤ እሷ ቀዝቅዛ ትወጣለች፣ አንተ ተቃጥለህ ትወጣለህ» ይባባላሉ። ቀልዱ ከእሱም ጆሮ ደርሷል። አላሳቀውም። ሰው መኪናውን እንደ ቆሻሻ ገንዳ ይዞ ሲያበቃ፣ የተቆጣው ሰው ለምን መሳቂያ እንደሚሆን አይገባውም።

ለነገሩ እውነቱን ነው። በዚህ ሥራ ላይ ቆይቶ የማይቆጣ ሰው ካለ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ደንበኛውን ንቆታል። አንዲት መኪና ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰሯ ውስጥ ውስጡን ተፈጭቶ፣ የብረት ብናኙ ከዘይቱ ጋር ቧንቧውን ሁሉ ሞልቶት ትመጣለች። ባለ መስታወቱ ትልቅ ጋራዥ ባለቤቱን ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጦ «ሁሉም ይቀየር» ይለዋል፤ ዋጋው የመኪናዋን ግማሽ ያህላል። የመንገድ ዳሩ ደግሞ «ምንም አይቀየርም፣ ጋዝ ልሙላልህ» ብሎ በብናኙ ላይ ጋዝ ይሞላበታል። አንዱ ኪስ ያራግፋል፣ አንዱ መኪና ይገድላል፤ ሁለቱም ግን ፈገግ እያሉ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እሳቱ ፈገግ አይልም። መታጠብ የሚችለውን ያጥባል፣ መታጠብ የማይችለውን ይጥላል፣ በመሃል ባለቤቱን ይሰድባል።

ስድቡም ሥርዓት አለው። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል። ከመኪናዋ ሆድ የወጣውን ዘይት እዚያ ላይ ያፈስና ባለቤቱን ይጠራዋል። «ጣትህን ንከር» ይለዋል። ሰውየው ይነክራል። «አሁን እሸው። ምን ይልሃል?» «ይቆረቁራል።» «ዘይት ይቆረቁራል እንዴ?» ከዚያ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ነው። ድምፅ ማሰማት የጀመረችው መቼ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ለምን እንዳላመጣት፣ ማን ምን ብሎ እንደደለለው፣ አንገቱ ላይ በጭንቅላት ፋንታ ምን እንደተሸከመ፣ ሁሉም ይነገረዋል። ደንበኞቹ «የነጭ ጨርቅ ችሎት» ይሉታል። ይግባኝ የለውም። ክፋቱ ደግሞ እሳቱ ሁልጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። ቢሳሳት ኖሮ ሰው ስቆበት ይረሳው ነበር፤ ትክክል የሆነ ሰው ሲጮህ ግን መግቢያ ቀዳዳ ያሳጣል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የታላቅ ወንድሙ ሚስት ደወለችለት። እሳቱ «እትዬ» ነው የሚላት። በዚህ ምድር ላይ እሱ ሲጮህ መልሳ የምትጮህበት ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ አይጮህባትም።

«ስማኝ» አለችው ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፤ «ዛሬ ወንድምህ መኪናዋን ይዞልህ ይመጣል። ልቡ ከተሠራ ወዲህ ሙቀት አይችልም፤ ሐኪሙም በዚህች መኪና መንዳት አይሆንም ብሎታል። እኔ ገዢ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ አራት ሰዓት ይመጣል። እስከዚያ ካቀዘቀዘች ይንዳት። ካላቀዘቀዘች ትሸጣለች። ጨርሻለሁ።»

«ጋሼ ምን አለ?»

«እሱ ደግሞ መቼ ተናግሮ ያውቃል?»

ወንድሙ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አምስቱን ታክሲ ነድቷል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል፤ ተሳፋሪ ሲሰድበው ዝም፣ ፖሊስ ሲያስቆመው ዝም፣ ሚስቱ ስትናገረው ዝም። ልቡ የተሠራ ጊዜ ሦስት ወር ቤት ተቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ መስኮት አጠገብ ወንበር ስቦ የሚያልፉትን መኪናዎች ሞተር በድምፅ እየለየ ይውል ነበር፤ ሲያዩት አንጀት ይበላል። መኪናዋ ከተሸጠች የሚመለሰው ወደዚያው ወንበር ነው። እሳቱ ይህን ያውቃል። ለዚህም ነው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለሌላ ሰው ቀጥሮለት የነበረውን መኪና ወደ ሳምንት ያስተላለፈው፤ ባለቤቱ ቅር ሲለውም ጮኸበት።

ወንድሙ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። መኪናዋን ከመኪና ማንሻው ፊት አቁሞ ወረደ፤ ከበሩ ግን አልራቀም።

«ማን ነካት?» አለው እሳቱ።

«ማንም።»

«ጋሼ፣ እያየኸኝ ንገረኝ። ጋዝ የጨመረ፣ ቧንቧ የፈታ፣ አንድ ነገር ያንጠባጠበባት ሰው አለ?»

«ማንም አልነካትም አልኩህ እኮ።»

እሳቱ ቤት አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። የጋዝ ግፊት መለኪያውን ከመሰካቱ በፊት አንዲት ተጥላ የምትቀር ትንሽ መፈተሻ ጋዙ በሚሞላበት አፍ ላይ ያደርጋል። ምክንያቱም መንገድ ዳር የሚሸጥ፣ «ቀዳዳ ይደፍናል» የሚባል የጠርሙስ መድኃኒት አለ። እሱ የገባበት ጋዝ መለኪያ ውስጥ ከገባ፣ እርጥበት ሲነካው እንደ ሙጫ ይደርቅና መሣሪያውን ይገድለዋል። ስለዚህ የሹምም መኪና ይሁን የጎረቤት፣ ሳይፈተሽ አይነካም። ለወንድሙ መኪና ግን መፈተሻዋን አላወጣም። ጠይቆታል፣ በቃ። ወንድም ይፈተሻል እንዴ?

መለኪያውን ሰካ። ሥራ ያስተማረው ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ የሰጠው የናስ መለኪያ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። መርፌው ትንሽ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። በጣቱ ጠቆም ጠቆም አደረገው፤ አይንቀሳቀስም። ቱቦውን ነቅሎ ወደ ብርሃን ይዞ ሲያየው አፉ በነጭ ሙጫ ተደፍኗል።

 ከዚያ ደሙ ፈላ።

«ምንድን ነው የጨመርክባት?»

ወንድሙ መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ! ማን ነው ያደረገልህ?»

«ያ… ባለጠርሙሱ።»

«መቼ?»

«ሁለት ወር ሳይሆነው አይቀርም።»

«ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ ሆዷ ውስጥ ብረት ስትፈጭ፣ አንተ ሙጫ ታጠጣታለህ? ከዚያ መጥተህ ፊቴ ላይ ትዋሻለህ? ውሸታም! በዚህ ዕድሜህ! ልብህን ሲሠሩልህ ጭንቅላትህንም አብረው አወጡት እንዴ?»

እዚያ የነበሩት ሦስት ደንበኞች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ወንድሙ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይቅርታ» አለ፤ ከዚያ ወጥቶ በእግሩ ሄደ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ተከትሎት ይወጣ ነበር። እሳቱ ግን የወጣው በሌላኛው በር ነው፤ ወደ ባለጠርሙሱ። ባለጠርሙሱ ከጎማ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ ትልቅ ጃንጥላ ተክሎ፣ ጠርሙሶቹን በካርቶን ደርድሮ የሚሠራ ወፍራም ሰው ነው። እሳቱ ሲመጣ ከሩቅ አይቶ ተነሥቶ ቆመ።

«ገዳይ!» አለው እሳቱ ገና ሳይደርስ። «ሰው ልቡን ታሞ መኪናውን ይዞ ሲመጣልህ ሙጫ ትሞላበታለህ?»

«ጋሽ እሳቱ፣ ልትመታኝ ከሆነ ምታኝ፤ ግን መጀመሪያ ስማኝ።» ሰውየው አልሸሸም። «ወንድምህን አውቀዋለሁ። 'እሱ እያለልህ ለምን እኔ ጋ መጣህ?' ብዬዋለሁ። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'አንተ አትጮህም' ነው ያለኝ።»

«ሰበብ ነው!»

«ይሁን። እንግዲያስ ሌላም ልንገርህ። ከደንበኞቼ ግማሹን የምትልክልኝ አንተ ነህ። ችሎትህን የፈራ ሁሉ የሚመጣው እዚህ ነው። እኔ እንደውም የድለላ ልከፍልህ ይገባ ነበር።»

እሳቱ ካርቶኑን በእርግጫ መታው። ሁለት ጠርሙስ ተሰበረ፤ ሙጫው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ጎማ ሠሪዎቹ ሳቁ። በማን ላይ እንደሳቁ ግን ግልጽ አልነበረም፤ እሳቱም ቆሞ አልጠየቀም።

ረቡዕ መኪናዋን ከፈታት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ብናኙ ብቻውን በበቃ ነበር፣ ሙጫው ደግሞ ያዝ አድርጎ በየጥጉ ለጥፎታል። ትልቁ ጋራዥ ቢያየው ኖሮ «ሁሉም ይቀየር» ይል ነበር። የወንድሙ አቅም ደግሞ ለዚያ አይበቃም። እሳቱ ቁጭ ብሎ እያጉረመረመ ለየው። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር መንገዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ የገባበት ብናኝ በምንም መታጠቢያ አይወጣምና አዲስ ይገዛል። እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያና ጋዙን የሚመጥነው ትንሹ ቫልቭም አዲስ ይሁኑ፤ በእነዚህ የሚሰስት ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ኮምፕሬሰሩ ግን አዲስ መሆን የለበትም። የተጋጩ መኪናዎች የሚበለቱበት ግቢ ሄዶ ግማሽ ቀን ዋለ፤ ሰባት ኮምፕሬሰር በእጁ አሽከርክሮ፣ የሁሉንም ዘይት አሽትቶ፣ ሻጩን አመዳም እያለ ስምንተኛውን ይዞ ተመለሰ። ዘይቱ እንደ ውሃ የጠራ ነበር።

የቀረው ሁሉ ይታጠባል። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ማጠቢያውን ከመውጫው ወደ መግቢያው እየገፋ፣ የሚወጣውን በነጭ ባልዲ ይቀበላል። መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ፤ ጥርት እስኪል ድረስ አይቆምም። ሰው በቤንዚን ያጥባል። እሳቱ ቤንዚን ሲሉት ያንቀጠቅጠዋል፤ ቤንዚን ጎማውን ይበላል፣ ሽታውን ደግሞ ተሳፋሪው ይተነፍሰዋል። ካጠበ በኋላ በደረቅ ናይትሮጅን ይነፋዋል፤ የጎማ መንፊያ አየር ውሃ ይዞ ስለሚገባ እሱን አያስጠጋም። «ቆጥቡ» ይላል ሁልጊዜ፤ «ቆሻሻውን ግን አትቆጥቡት!» ይህንም የሚለው እየጮኸ ነው።

ሐሙስ ቀዝቃዛውን አየር የሚሰጠውን ኢቫፖሬተር ለማውጣት ዳሽቦርዱን ሲያወርድ የፊት ወንበሩን ነቀለ። ከወንበሩ ስር ሦስት ትንንሽ ፎጣዎች አገኘ። ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ናቸው፣ ሻግተዋል፣ ይሸታሉ። «ምን ዓይነት ሰው ነው!» ብሎ ለብቻው ጮኸ። ፎጣዎቹን ወስዶ ጠረጴዛው ላይ፣ ብናኝና ሙጫ ከፈሰሰበት ነጭ ጨርቅ ጎን ወረወራቸው። ችሎቱ ተሰናድቷል። የቀረው ተከሳሹ ነው።

በምሳ ሰዓት የመጣችው ግን እትዬ ናት።

«ደረሰ?» አለች።

«አልደረሰም። ጋሼን ጥሪልኝ። ይኼን በዓይኑ ማየት አለበት።»

«አይመጣም።»

«ለምን አይመጣም? መኪናው አይደለችም? ይኸው! ብረት፣ ሙጫ፣ ጉድ! ይኼስ ደግሞ ምንድን ነው? መኪናዋን መታጠቢያ ቤት አደረጋት!» አለና ፎጣዎቹን አነሣላት።

እትዬ ፎጣዎቹን ከእጁ ተቀበለችው። ሻጋታው አልቀፈፋትም፤ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።

«ሲጠፉብኝ ከገመድ ላይ የተሰረቁ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስጠይቀው ነው ያመነው» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ እነዚህን ነዳጅ ማደያው ቧንቧ ላይ እየነከረ አንገቱ ላይ እያደረገ ነው የሠራው። አንዱ ሲሞቅ ሌላውን ይነክራል። ተሳፋሪ ሲገባ ወንበር ስር ይደብቀዋል።»

እሳቱ አፉን ከፈተ።

«አልጨረስኩም» አለች። «ባለፈው ሳምንት መብራት ላይ ቆሞ ራሱን ስቷል። ከኋላው ያሉት ጡሩምባ ሲነፉ ነው የነቃው። ለእኔም አልነገረኝም፤ ከኋላ የነበረችው ተሳፋሪ ናት ቤቴ ድረስ መጥታ የነገረችኝ። ለምን ደበቅከኝ ብለው ምን አለኝ? 'አንቺ ለእሱ ትነግሪዋለሽ፣ እሱ ደግሞ ይጮህብኛል።' ይኸው ነው። ሙቀቱና አንተ ፊቱ ቀረባችሁለት። ሙቀቱን መረጠ።»

«እኔ እኮ ለእሱው ብዬ…»

«አውቃለሁ ለእሱ እንደሆነ። ለዚያ ነው የሚከፋው።» ፎጣዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

እሳቱ ሲናደድ ሁልጊዜ ንዴቱ የሚሄድበት ሰው ነበረው። አሁን መሄጃ አጣ። ባለጠርሙሱ ላይ ሊያደርገው ሞከረ፤ አልያዘም። ወንድሙ ላይ ሊያደርገው ፈለገ፤ መብራት ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ሰው ታየው። ጨርቁን ጠቅልሎ በርሜል ውስጥ ጣለው። ከዚያ ኢቫፖሬተሩን ይዞ እስከ ምሽት አጠበው፤ ጥርት ካለም በኋላ አጠበው፤ ጉልበቱ ሲዝል ራሱን ይሰድብ ጀመር፤ ያውም ለደንበኛ በሚሰድብበት ቃል፣ አንዱንም ሳያስቀር። «አንተ ደደብ!» ይል ነበር ለብቻው። «ያየኸው ምንድን ነው? ሠላሳ ዓመት ያየኸው ምንድን ነው?»

አርብ ገጣጠማት። ከጎረቤት ጋራዥ መለኪያ ለመነ፤ ለምኖ አያውቅምና ሰውየው ደንግጦ ሰጠው። በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳበው፣ ዘግቶ ጠበቀ፣ መርፌው አልተነቃነቀም። አዲስ ዘይት በልክ፣ ጋዝ በሚዛን። ሞተሩን ሲያስነሣ ቧንቧው በእጁ ስር እየቀዘቀዘ ሄደ፤ እሱ ግን ደስ አላለውም።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ወንድሙን ከደጁ ወሰደውና ራሱ እንዲነዳት አደረገ። ቴርሞሜትሩን አየሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ሰካው። ገና ሁለተኛው መብራት ሳይደርሱ ስድስት ዲግሪ ላይ ወረደ። ወንድሙ መዳፉን አየሩ ላይ ዘረጋ፤ ፊቱ ፈታ አለ።

«ማጣሪያ ጨምሬባታለሁ» አለ እሳቱ። «ተደብቆ የቀረ ብናኝ ካለ እሱ ይይዘዋል። የዛሬ ሳምንት ታመጣትና አወጣዋለሁ። ከዚያ በየስድስት ወሩ ታሳየኛለህ።»

ወንድሙ እጁን ከአየሩ ላይ መለሰ። መኪናዋን ወደ ቤቱ መለሳት። ደጁ ላይ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ «ትሸጥ» አለ።

«ምን?»

«መኪናዋ። ትሸጥ።»

«ቀዘቀዘች እኮ!»

«ቀዘቀዘች። እጅህ ይባረክ።» መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊት ነው የሚያየው። «ግን በሳምንቱ ማምጣት አለብኝ። ከዚያ በስድስት ወር። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ይሰበራል። መኪና ናት፤ መሰበሯ አይቀርም። እኔ ደክሞኛል፣ ወንድሜ። አንተ ጋ ስመጣ ልቤ የሚመታው አመታት ደህና አይደለም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ መኪና ሲያልፍ ብሰማ ይሻለኛል።»

ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ረዘም አድርጎ የተናገረበት ቀን አልነበረም። እሳቱ መልስ ፈለገ፤ የመጣለት ሁሉ በጩኸት የሚባል ነበር።

ገዢው ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። ችኩል፣ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነው። እነሱ ሲወርዱለት መሪው ላይ ተቀመጠና አየሩን ፊቱ ላይ አዞረው። «ጉድ ነው! ፍሪጅ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ» አለ። «ነገር አናብዛ፤ ወስጃታለሁ።» እትዬ በሩ ላይ ቆማ ባሏን ታያለች። ባሏ ሁለተኛውን ቁልፍ ከኪሱ እያወጣ ነበር።

እሳቱ ወደ ወንድሙ ተጠጋና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አልክ?» አለ ወንድሙ።

ሃምሳ አራት ዓመት ሲኖር እሳቱን «ምን አልክ?» ያለው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ጉሮሮው በዝግታ መናገር አልለመደም፤ ቃሉ ተሰባብሮ ነበር የወጣው። በዚያው ድምፅ ደገመው።

«አትሽጣት፣ ጋሼ። አንተ አትምጣ። ማጣሪያውን እኔ እዚሁ ደጅህ መጥቼ አወጣዋለሁ። ሌላም ሲሰበር እኔ እመጣለሁ፤ አንተ ቤት ግባና ተቀመጥ።»

ወንድሙ አየው። ቁልፉን መልሶ ኪሱ ውስጥ እስኪከት ድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«ጌታው፣ ይቅርታ፤ በከንቱ አደከምኩህ» አለ ለገዢው። «አትሸጥም።»

ገዢው «የልጅ ጨዋታ አደረጋችሁት!» እያለ ወረደና በሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ወርውሮ ዘጋው።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ!» ብሎ እሳቱ ጮኸ፤ መንገዱ ማዶ ያሉት ሁሉ ዞሩ። «የእስር ቤት በር መሰለህ እንዴ?»

ገዢው ዘወር ብሎም አላየው። የወንድሙ ትከሻ ግን ዘሎ ጆሮው ጋ ደረሰ፣ ዓይኑም ጥብቅ ብሎ ተጨፈነ፤ የተጮኸው በእሱ ላይ እንዳልሆነ እያወቀም። እሳቱ ይህን አየ። ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ሲኖር አንድ ቀን እንኳ አላየውም ነበር፤ ሲጮህ የሰው ፊት የማየት ልማድ አልነበረውም።